የሆድ ማገር እናት

ቤተ ክርስቲያኑ የተዘጋበት የእንግሊዝ መንደር አውቃለሁ። መጠጥ ቤት የሌለውም አለ፤ ለነዋሪዎቹ እግዜር ይድረስላቸው። ቃል መርማሪ የሌለው መንደር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ባቡር ይቀራል፣ ሐኪም ወደ ከተማ ይዛወራል። ቃል መርማሪው አይዘጋም፣ አይቀርም፣ አይዛወርም። ሽማግሌ ነው። የሰደርያው ኪስ ውስጥ የተላሰ እርሳስ አለው። አንድ ቃል ከአፋችሁ ሲወጣ ከአየር ላይ ቀልቦ የት እንደተወለደ፣ በየትኛው መርከብ ባሕር እንደተሻገረና በመንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት ይተርክላችኋል። እናንተ የጠየቃችሁት ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ነበር።

የኛ የዊንግልቢ ቃል መርማሪ ክቡር ሚስተር ኦስዋልድ ፔል ይባላሉ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ምልክት ጠባቂ ነበሩ። ሥራቸው ሐዲዱ ዳር በቆመች የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ ባቡር በመጣ ቁጥር አንድ ትልቅ የብረት ማንሻ መሳብ ነው። በኛ መስመር ባቡር የሚመጣው በቀን አራት ጊዜ ነበር። በተረፈው ሰዓት ሚስተር ፔል መዝገበ ቃላት ያነባሉ። ባቡሮቹ ንባባቸውን እያቋረጡ እንዳስቸገሯቸው ዛሬም ያማርራሉ። ከዕለታት አንድ ቀን መንግሥት መስመሩን ዘጋው። ሐዲዱ ተነቀለ፣ ማማዋ ፈረሰች። ሚስተር ፔል እስከነ ሰደርያቸውና እስከነ ሰዓታቸው እኛ ላይ ወረዱ።

«ቃል ከሰማይ አይወርድም» ይላሉ፣ ጣታቸውን እንደ ምልክት እንጨት ቀጥ አድርገው። «እናቱ ማን ናት?»

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ የዊንግልቢ ሰው የለም። አንድ ጊዜ የጎረቤታቸው መስኮት ተሰበረና ከከተማ መስታወት ገጣሚ መጣ። ሚስተር ፔል በዚያ ሲያልፉ ቆሙ።

«መስኮት የምትለው እኮ በአባቶቻችን አፍ የነፋስ ዓይን ነበር። ነፋስና ዓይን ተጋብተው የወለዱት ነው።»

«ጌታው፣ ዓይኑን ልግጠምላቸው ወይስ ሠርጉን ልስማ?»

«ሁለቱንም!»

ሰውዬው ከመሰላሉ ሳይወርድ ሰማ። ማጣበቂያው እጁ ላይ ደረቀ። መስታወቱ ዛሬም በነፋስ ያንኳኳል።

የአበባ ትርኢታችንን ሊከፍቱ ለመጡት ለሌዲ ኦገስታም የማዕረግ ስማቸው በጥንቱ ቋንቋችን «ሊጥ አቡኪ» ማለት እንደሆነ በሕዝብ ፊት አብሥረዋቸዋል። ጌታ ባላቸውም «ዳቦ ጠባቂ» ናቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ሊጥ እንኳን ነክቼ አላውቅም። እሱ ግን ዳቦውን አጥብቆ ይጠብቃል» ብለው መቀሱን ተቀበሉ።

የሥጋ ሻጩ የክሌም ነገር ግን በቀላሉ አላለፈም። እናቱን በቀበረ ቀን፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሚስተር ፔል ሊያጽናኑት ተጠጉት። ያላቸው ማጽናኛ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የሬሳ ሣጥን የምንልበት ቃል ግሪክ አገር ተወልዶ ቅርጫት ማለት እንደነበር በጆሮው ነገሩት።

«እናቴን በቅርጫት ቀበርካት ነው የሚሉኝ?» አለ ክሌም፣ ዓይኑ በእንባ እንደተሞላ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሚስተር ፔል ከክሌም ሱቅ የሚያገኙት ጅማት ብቻ ሆነ።

እኔ የማውቃቸው ከንባብ ክፍሉ ነው። ንባብ ክፍል የምንለው የተዘጋው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ምድጃና ሁለት አንባቢ አለው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። የምሠራው አተር ፋብሪካ ነው፤ በፊቴ እንደ ወንዝ ከሚፈሰው አተር ውስጥ የጠቆረውን እለቅማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሚስተር ፔል ቃል ያስለቅሙኛል። ትልቁን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁት ሰዎች ከየመንደሩ ፈቃደኛ አንባቢዎች አሏቸው። አንባቢው መጽሐፍ ሲያነብ ያገኘውን ቃል በትንሽ ካርድ ገልብጦ ይልክላቸዋል። ቃሉ ከላይ በግራ ይጻፋል፤ ከሥሩ ዓመቱ፣ ቀጥሎ መጽሐፉና ገጹ፣ በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩ። ሚስተር ፔል ቤት በጫማ ካርቶን የተደረደሩ ስድስት ሺህ ካርዶች አሉ። አንድ ቀን ዓመቱን ረስቼ የጻፍኩትን ካርድ አሳየኋቸው። ሳይቆጡ፣ በእርጋታ፣ አራት ቦታ ቀደዱት።

«ሚስ ብሬት፣ ዓመት የሌለው ካርድ እናት የሌለው ልጅ ነው። ማንም አይቀበለውም።»

ከስድስት ሺሁ ካርድ አንዱን ለብቻው፣ በትንባሆ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። የቆርቆሮው ልጅ ቤሊቲምበር ይባላል። ቤሊ ሆድ ነው፤ ቲምበር ቤት የሚሠራበት እንጨት። ሲጋቡ የሆድ ማገር ሆኑ፤ ምግብ ማለት ነው። ማገር የሌለው ቤት እንደሚጎብጥ፣ ያልበላ ሆድም ይጎብጣል። ዛሬ ይህን ቃል የሚናገር ሰው የለም። መዝገበ ቃላቱ ላይ ከአጠገቡ ትንሽ መስቀል አለችበት፤ ሙት ነው ማለት ነው።

ሚስተር ፔል በጉልምስናቸው፣ ገና ማማቸው ላይ ሳሉ፣ የዊንግልቢ ሰበካ ጉባኤ የጥንት ቃለ ጉባኤ የተጻፈበትን ትልቅ መዝገብ ከጊዜው ቄስ ተውሰው ነበር። አንዱ ገጽ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሲሠራ የተነሣ ጠብ አገኙ። ሦስት አናጢዎች መዶሻቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ያሉትን እንዳለ መዝግቦታል፦ «አስቀድሞ የሆድ ማገር ካልመጣ የጣራ ማገር አናቆምም።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ የተሰማቸውን ስንት ጊዜ ነገሩኝ! ቤት የሚያቆም እንጨትና ሆድ የሚያቆም እንጀራ በአንድ አፍ ሲጋቡ፣ ዓይናቸው እያየ። ጣራው በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ በ1584፣ እንደተሠራ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተጽፏል። እንዲያ ከሆነ ቃሉ ትልቁ መዝገበ ቃላት ከሚያውቀው ጊዜ ሁሉ ይቀድማል። ተወልዶ የተጠመቀው እኛው ጣራ ላይ ነው ማለት ነው።

«ሐዲዱን ነቀሉት፣ ትምህርት ቤቱን ዘጉት» ይሉኝ ነበር። «የአውቶቡሱ ሹፌር እንኳ ዊንግልቢ ሲደርስ ማርሽ አይቀይርም። ግን አንድ መስመር በመዝገበ ቃላት ላይ! አንድ መስመር ማን ይነቅለዋል?»

እርግጠኛ እስክሆን ብለው ካርዱን ሳይልኩ ሃያ ሰባት ዓመት አስቀመጡት። መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሊታተም መሆኑ ሲሰማ ጊዜ በሌላ ካርድ ገልብጠው ላኩት። ባለፈው የካቲት መልስ መጣ። ደብዳቤውን ንባብ ክፍል ይዘውት መጡና፣ መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ እያለ፣ «መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንብቢልኝ» አሉ።

አዘጋጁ ጨዋ ሰው ነው። ካርዱ እጅግ እንደማረከው፣ ነገር ግን ዓመት እንደሌለው ጻፈ። ዓመቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልደረሰን የዚህ ፊደል ክፍል ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ካርዱን ልንጠቀምበት አንችልም።

የትንባሆውን ቆርቆሮ ከፈትን። ቃሉ ከላይ በግራ አለ። መጽሐፉ አለ። ዓረፍተ ነገሩ አለ። ዓመቱ የሚጻፍበት ቦታ እንደ በረዶ ነጭ ነው።

ሚስተር ፔል ካርዱን ገለበጡት፣ እንደገና ገለበጡት።

«የአራት ሰዓት ተኩሉ ባቡር» አሉ በመጨረሻ። «ቃሉን እንደጻፍኩ ደወሉ ጮኸ። ተነሥቼ ማንሻውን ሳብኩ። ተመልሼ ስቀመጥ ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩ።» ካርዱን ወደ ቆርቆሮው መለሱና፣ «ባቡሩ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተኝቶ ነበር» አሉ።

ቀዳዳው የሚሞላው መዝገቡ ከተገኘ ነው። ቄስ ፐርቪስ ጋ ሄድን።

«ጥቁሩ መዝገብ? እሱማ ከኔ በፊት ለአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ወጥቶ የለ እንዴ! ሻጋታ ይሸት ነበር አሉ።»

እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው የኛን አሮጌ ዕቃ ሽያጭ የማያውቅ ነው። በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ብለን ከቤታችን የጠላነውን ዕቃ እንሰጣለን፤ ከዚያ ባዶ እጅ መመለስ ነውር ስለሆነ ጎረቤታችን የጠላውን እንገዛለን። በዓመቱ ያንኑ መልሰን እንሰጣለን። ከዊንግልቢ የወጣ ዕቃ የለም፤ ይዞራል እንጂ። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርን። ሦስት ቤት ውስጥ የዓሣ ቅርጽ ያለው አረንጓዴ የአበባ ማስቀመጫ እንድንወስድላቸው ተለመንን። ሦስተኛዋ ሴትዮ የለመነችን ከሁለተኛዋ ተቀብለን የሰጠናትን እንድንወስድላት ነበር። የክሌም ሱቅ ስንደርስ ክሌም ቢላውን እየሳለ ቀና አለ።

«መዝገብ የለኝም፣ ሚስተር ፔል። ቅርጫት ግን አይጠፋም።»

ሚስተር ፔል ባርኔጣቸውን አነሡለትና ወጡ።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው የቀረን ቤት «ማረሻ» የተባለው መጠጥ ቤት ብቻ ነበር። ሚስተር ፔል ምድጃው አጠገብ ካለችው የዘወትር ጠረጴዛቸው ተቀምጠው ቢራቸውን አልነኩም። ባለቤቷ ማቪስ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች።

«ምነው ውዴ፣ ዛሬ የቢራ እናት ሞተች እንዴ? ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው የምትፈልጉት?»

«ይህን ያህል ውፍረት አለው» አሉ በሁለት ጣታቸው እየለኩ። «ጥቁር ቆዳ። ጥግ ጥጉ ናስ።»

ማቪስ ጣቶቻቸውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው እግር ተመለከተች።

«ሚስተር ፔል፣ እስቲ ቢራዎን ያንሡት።»

የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ነው። ማቪስ ይህን መጠጥ ቤት ከገዛች ጀምሮ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ የዊንግልቢ ሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ከሥሩ ተኝቷል። ሚስተር ፔል የሰው ሁሉ ቃል ከየት እንደመጣ ሲያስረዱ የቀኝ ጫማቸውን የሚያሳርፉት እሱ ላይ ነበር። ናሱ እንዲያ ያበራው ለዚህ ነው።

ክሌምም ከመጠጫ ጠረጴዛው ተነሥቶ መጣ። ሚስተር ፔል ገጾቹን በእርሳስ ጫፍ ገለጡ። አናጢዎቹ እዚያው ናቸው፤ መዶሻቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። ጣታቸው ወደ ገጹ ራስ ወጣ። ቀለሙ አልደበዘዘም። አይጥ አልበላውም። ምነው በበላው ኖሮ።

1814 ይላል።

ለካ ጣራው ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። የመጀመሪያው በማዕበል ወድቆ ኖሮ በሩ ላይ የጻፉት ሰዎች መናገር አልፈለጉም። ትልቁ መዝገበ ቃላት ቃሉን ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት አስቀድሞ ያውቀዋል። አናጢዎቻችን ምንም አልወለዱም። የአያቶቻቸውን አሮጌ ቃል ነበር የሚናገሩት። ዊንግልቢ መካን ናት።

 ከዚያ እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፌን ከፈትኩ።

«ቁጥር ብቻ ነው እኮ፣ ሚስተር ፔል። 1584 ብለው ይጻፉት። ማን ከዚያ ድረስ መጥቶ ከጠረጴዛ ሥር ያያል?»

«እውነቷን ነው» አለች ማቪስ። «እኔም መዝገቡን ከእግሩ ሥር መልሼ እከተዋለሁ። ምንም አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አለ ክሌም። ለሚስተር ፔል ከቀብሩ ወዲህ በደግነት ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ሚስተር ፔል እርሳሱን አወጡ፤ ላሱት። አዲሱ ካርድ ፊታቸው ነው። ቃሉን ከላይ በግራ ጻፉ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ምን እንደተመኘሁ አውቃለሁ። ውሸት ነበር የተመኘሁላቸው፤ ያውም ንጹሕ፣ የሚታተም ውሸት።

«አይሆንም» አሉ። «ያልወለደችውን እናቱ ናት ልበል? የሰው ልጅ ሰርቄ?»

1814 ብለው ጻፉ። ከሥሩ አሰመሩበት። ቢራቸውን ሳይጨርሱ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ሄዱ። ወጣሁና ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሚስተር ፔል ዝም አሉ።

ስንመኘው የኖርነው ነገር ነበር። የሥጋ ቤቱ ወረፋ በፍጥነት መሄድ ጀመረ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሣ። አንድ ቅዳሜ ክሌም ያለ ጅማት፣ የሚያምር ቋሊማ መዘነላቸውና ጠበቀ።

«ስለ ቋሊማ የሚሉት የለም፣ ሚስተር ፔል?»

«አይ። ቋሊማ ነው።»

ክሌም ያን ቀን ሱቁን ቀድሞ ዘጋ። «አመማቸው» አለኝ መንገድ ላይ፣ እንደ ሕፃን ደንግጦ። «እናቴ ትሙት አመማቸው!» እናቱ መሞቷን ረስቶታል።

እኔም አተሬን እየለቀምኩ አስብ ነበር። ስድስት ሺህ ካርድ፣ አንድ የትንባሆ ቆርቆሮ፣ ሃያ ሰባት ዓመት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ደጃፍ ሲያንኳኳ ይኖርና በሩ ሲከፈት የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ያገኘዋል። ይህን የሚያካክስ ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም። የጠቆረው አተር በዚያ ሰሞን ብዙ አመለጠኝ።

በሰኔ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። በዚህ ጊዜ «መነጽሬን ረስቻለሁ» አላሉም፤ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ እጄ ላይ አስቀመጡት።

አዘጋጁ ያመሰግናል። ካርዱ ታትሟል። በቃሉ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መጨረሻው ላይ። ይህን ቃል ያለ ቀልድ፣ ለዕለት ጉርሱ፣ በተራ ሰው አፍ ሲነገር የተገኘበት የመጨረሻው ማስረጃ የዊንግልቢ ነው። ከዚያ በኋላ የትም አልተሰማም።

አነበብኩና አንገቴን ደፋሁ። ባቡሩ እዚህ ቀረ፣ ትምህርት ቤቱ እዚህ ቀረ፤ ቃሉም የሞተው እኛው ጋ ነው ለካ። የሚያሳዝን ነገር መሞቻ ሲፈልግ አድራሻችንን ያውቃል።

ሚስተር ፔል ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱት። መነጽራቸውን አወጡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ያ ጣት፣ ሦስት ወር ሙሉ ተጋድሞ የነበረው ጣት፣ ቀስ እያለ ቀና አለ።

«ሚስ ብሬት፣ የወለደ ብቻ ነው ዘመድ ያለሽ ማን ነው? የቀበረም ዘመድ ነው። ለንደን ጥላዋለች። ሌላው አገር ሁሉ ጥሎታል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ግን እዚያ ጣራ ላይ፣ በብርድ፣ በባዶ ሆዳቸው ይዘውታል። እኛ ነን ያስታመምነው!»

በማግስቱ የሥጋ ቤቱ ወረፋ እስከ ፖስታ ቤቱ ደረሰ። ክሌም ሳይጠይቅ ጅማት መዘነላቸው፤ ሁለቱም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ብቻ ተለወጠ። ቃል ከአፋችሁ ሲወጣ ጣቱ ይነሣና «ማን አስታመመው?» ትባላላችሁ። መልሱ ከፊተኛው አንድ ሩብ ሰዓት ይረዝማል።

በክረምቱ ደረታቸውን አመማቸውና አልጋ ያዙ። ከፋብሪካ ስወጣ በጣሳ የአተር ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ። ደጁን ስከፍት፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ሳያስቡት፣ ቀልድም ሳይሆን፣ እንደ ራበው ሰው፣

«የሆድ ማገር አመጣሽልኝ?» አሉ።

ሾርባውን ሰጥቻቸው እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ካርድ ጻፍኩ። ቃሉን ከላይ በግራ። ከሥሩ ዓመቱን፤ ወሩንና ቀኑን ጨምሬ። ተናጋሪው ኦስዋልድ ፔል፣ የቀድሞ የባቡር ምልክት ጠባቂ። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ።

አልላክሁትም። ከላክሁት 1814 የመጨረሻው አይሆንም፤ አናጢዎቹ መስመራቸውን ያጣሉ፤ ቃሉ ነፍስ ዘርቶ ተገኘ ተብሎ ሚስተር ፔል የኮሩበት ቀብር ይፈርሳል። ስለዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ትንሽ ተሽሏቸው ወጥተው ወረፋ ላይ ሲያቆሙኝ «ሚስተር ፔል፣ አንድ ቃል ቢጨምሩ ፖስታ ቤት ነኝ!» እያልኩ አስፈራራቸዋለሁ። የምን ካርድ እንደሆነ ስላልነገርኳቸው ግራ ገብቷቸው ዝም ይላሉ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል።

ደረታቸው አልዳነም። ሾርባውም አልቀረም፤ ጥያቄውም። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ ካርድ አለ፤ አንዱም ዓመት አልጎደለውም። አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ በምጽፍበት ጊዜ ሳላውቀው፣ የመጨረሻው ይሆናል። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጣሳዬን ይዤ ደጃቸው ላይ ስደርስ ቶሎ አልገባም። እጄ በሩ ላይ ሆኖ፣ ኪሴ ውስጥ ባዶ ካርድ ይዤ፣ ከውስጥ እስኪጠይቁኝ ድረስ እቆማለሁ።